የሙዚየም ዐውደ ርዕይ እንዴት ይሰናዳል?

በአዲስ አበባው ብሔራዊ ሙዚየም ሁለት የድንቅነሽ አጽም ቅጂዎች አሉ። አንደኛው ተጋድሟል፣ ሌላው ቆሟል። የተጋደመው ከኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ጀምሮ ሐዳር ላይ ምን ያህል አጥንት እንደተገኘ ይነግረናል፤ ከመላ አጽሟ 40 በመቶ ገደማ። የቆመው ደግሞ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር፣ ቁመቷም ከአንድ ሜትር እምብዛም እንደማያልፍ ያሳያል። የሁለቱም መነሻ ያው አጥንት ነው፤ አቀማመጡ ግን ለሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። ዕቃን እንዲህ አደራጅቶ ለሰው የማቅረብ ሙያ የዐውደ ርዕይ ንድፍ ይባላል። በንባብም በእጅ ሥራም የሚለመድ ሙያ ነው።

በዩኒቨርሲቲ ደረጃም ይሰጣል፤ የእንግሊዙ ሌስተር ዩኒቨርሲቲ የሙዚየም ጥናትን ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ይሁንና ጀማሪ እርሳስና ማስመሪያ ከማንሣቱ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይልመድ። አሜሪካዊቷ ቤቨርሊ ሴሬል ስለ ሙዚየም መግለጫዎች በጻፈችው መጽሐፍ፣ ማንኛውም ዐውደ ርዕይ በአንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚነገር ዋና ሐሳብ ሊኖረው ይገባል ትላለች። «የኢትዮጵያ ቡና» ርዕስ ነው፤ ሐሳብ ለመሆን ይጎድለዋል። «ቡና ጎረቤትን በየቀኑ ስለሚሰበስብ የሰፈር ጉዳይ የሚመከረው ረከቦት ዙሪያ ነው» ብንል ግን ሥራው መልክ ይይዛል። ጀበናው፣ ሲኒው፣ ጎረቤቶች የሚቀመጡባቸው በርጩማዎች ይገባሉ፤ የኤክስፖርት ሠንጠረዡ ይቀራል። በሙያው ከባዱ ነገር ይህ መተው ነው። ለዓመታት የተለቀመ ስብስብ እያለ «ይህ እዚህ አይገባም» ማለት ድፍረት ይጠይቃል።

የአቀማመጥን ኃይል ማየት የሚፈልግ ስድስት ኪሎ ይሂድ። ቀድሞ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንጻ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። እንዲህ ያሉ የባህል ሙዚየሞች ዕቃቸውን አብዛኛውን ጊዜ በክልል ወይም በብሔረሰብ ይከፋፍላሉ። እዚህ ግን መንገዱ የሰው ዕድሜ ነው፤ በልጅነት ይጀምራል፣ ወደ ጉልምስና ያልፋል፣ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው ላይ ያበቃል። የጨዋታ፣ የእምነት፣ የአደን፣ የመድኃኒት፣ የቀብር ዕቃዎች ከየማኅበረሰቡ መጥተው ጎን ለጎን ይቆማሉ። ጎብኚው ከአንዱ ሕዝብ ወደ ሌላው ሲያልፍ ድንበር የተሻገረ አይመስለውም፤ ልጅን ማሳደግና ሙትን መሸኘት የሁሉም ጉዳይ ነውና። አሠራሩ ዋጋም ያስከፍላል። የአንድን ማኅበረሰብ ሙሉ ሕይወት በአንድ ክፍል ማየት የፈለገ አያገኘውም። እንዲያም ሆኖ በአገራችን ሙዚየሞች ካየኋቸው የአቀራረብ ውሳኔዎች ሁሉ ይህን የሚያህል አላየሁም።

ሐሳቡ ከተያዘ በኋላ የጎብኚው አካል ይታሰባል። የቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ቤንጃሚን አይቭስ ጊልማን እ.ኤ.አ. በ1916 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድ ሰው የመስታወት ሳጥኖችን ለማየት ሲያጎነብስ፣ ሲንበረከክና ሲንጠራራ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች አወጣ። ድካሙ የመጣው ከዕቃው ብዛት ብቻ ሳይሆን ሳጥኖቹ ከተሠሩበት መንገድ ጭምር መሆኑን አሳየ። ዛሬ ሥዕል የሚሰቅሉ ባለሙያዎች መሐሉ ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ እንዲል ያደርጋሉ። ግን ሕፃኑስ? በተሽከርካሪ ወንበር የሚጎበኘውስ? ቁመት በተወሰነ ቁጥር የሚጎዳ ሰው አለ፤ ንድፉም ያን ሰው አስቦ መሠራት አለበት።

ብርሃን ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። ብርሃን በጨርቅና በብራና ቀለም ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ይጠራቀማል፤ የደበዘዘ ቀለም ደግሞ አይመለስም። ለእንዲህ ያሉ ቅርሶች የሚመከረው መጠን 50 ሉክስ ያህል ነው፤ ደብዘዝ ያለ ክፍል ማለት ነው። ከደጅ ፀሐይ በቀጥታ የገባ ጎብኚ እዚያ ክፍል ውስጥ ምንም አይታየውም፤ «መብራቱን ጨምሩልን» ይላል። መፍትሔው ያለው መንገዱ ላይ ነው። መግቢያው ብሩህ፣ ቀጣዩ ክፍል ለስለስ ያለ፣ ብራናው ያለበት ደግሞ ከዚያም ዝቅ ያለ ከሆነ ዓይን ቀስ በቀስ ይለምዳል። የብራና መጽሐፉ ገጽም በየጊዜው ይገለጣል፤ አንዱ ገጽ ብቻውን ሁልጊዜ ብርሃን እንዳይመታው።

የመግለጫ ጽሑፍ ሌላው ፈተና ነው። በእንግሊዝኛ ከ50 እስከ 75 ቃላት ይበቃል ይባላል፤ የአማርኛ ግስ ግን ብዙ ሐሳብ በአንድ ቃል ስለሚሸከም ቁጥሩን እንዳለ መቅዳት አያዋጣም። ርዝመቱን የሚለካው ቆሞ የሚያነበው ሰው ነው። ስለዚህ መግለጫው ከመታተሙ በፊት በተራ ወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ዕቃውን የማያውቅ ሰው አንብቦ የገባውን በራሱ አነጋገር ይናገራል። ካልገባው እንደገና ይጻፋል፣ ደግሞ ይሞከራል። ፍራንክ ኦፐንሃይመር እ.ኤ.አ. በ1969 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የመሠረተው ኤክስፕሎራቶሪየም የተባለው ሙዚየም የታወቀው በዚህ ልምድ ነው፤ ገና ያላለቀውን የማሳያ መሣሪያ ጎብኚ ፊት አውጥተው ይሞክሩታል፣ ሲበላሽ ያሻሽሉታል።

ይህን ሙያ ለመጀመር ውድ ዕቃ አያስፈልግም። አምስት የቤት ዕቃዎች፣ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከካርቶን የተሠራ የክፍል ሞዴልና ሐሳቡን በግልጽ የሚናገር ጎረቤት ይበቃሉ። ከዚያ በኋላ ግን እውነተኛ ክፍልና እውነተኛ ጎብኚ የግድ ነው፤ ይህን መስጠት የሚችሉት ሙዚየሞች ናቸው። ቅርስ የሚጠብቁ ተቋሞቻችን በየዓመቱ አንድ ክፍል፣ እሱም ቢቸግር አንድ ግድግዳ፣ ለጀማሪዎች ይስጡ።