ረቂቁ የማሽን፣ ፊርማው የሰው
በቢሮ ሶፍትዌር ውስጥ ስላለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት የሚነሡ ጥያቄዎች
(ዘጋቢ ፕሮግራም)

[የመክፈቻ ሙዚቃ። ምስል፦ የኮምፒውተር ገጽ፣ ባዶ የዎርድ ሰነድ፣ ብልጭ ድርግም የሚል ጠቋሚ]

ተራኪ፦ ደብዳቤ የሚያረቅ፣ ረጅም ሪፖርት የሚያሳጥር፣ በጥድፊያ የተያዘ የስብሰባ ማስታወሻን ወደ ቃለ ጉባኤ የሚለውጥ ረዳት በቢሮ ሶፍትዌር ውስጥ ገብቷል። ቻትጂፒቲ ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተከፈተ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ማይክሮሶፍት ኮፓይለት የተባለውን ረዳት መጋቢት 7 ቀን 2015 ዓ.ም. አስተዋወቀ፤ ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዎርድ፣ በኤክሴል፣ በፓወርፖይንት፣ በአውትሉክና በቲምስ ውስጥ አድርጎ ለትልልቅ ድርጅቶች መሸጥ ጀመረ። ጉግልም በጂሜይልና በጉግል ዶክስ ውስጥ የራሱን ረዳት አስገባ፤ ዛሬ ጀሚናይ ይባላል።

[ምስል፦ ከጎንደር ወደ ሁመራ የሚወስደው መንገድ፣ የሳንጃ ከተማ፣ የሰሊጥ ማሳ]

ተራኪ፦ ሳንጃ በአማራ ክልል የታች አርማጭሆ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። አካባቢው ቆላ ነው፤ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ይመረትበታል። እንዲህ ባለ የወረዳ ከተማ የመንግሥት ሥራ የሚሠራው በወረቀት ነው፦ ዕቅድ፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት፣ ቃለ ጉባኤ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ለዞንና ለክልል የሚላክ ሰንጠረዥ። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት እሠራዋለሁ የሚለውም ይህንኑ ሥራ ነው። ስለዚህ በኒውዮርክ ወይም በለንደን ቢሮ የሚነሡት ጥያቄዎች ለሳንጃም፣ ለጎንደርም፣ ለአዲስ አበባም ይነሣሉ፤ መልሳቸው ግን በፊደል፣ በዘመን አቆጣጠርና በአሠራር ምክንያት የተለየ መልክ ይይዛል።

[በገጹ ላይ የሚጻፍ፦ ጥያቄ 1 — ረዳቱ በእርግጥ ምን ያደርጋል?]

ተራኪ፦ የረዳቱ አንጎል የቋንቋ ሞዴል ነው። ሞዴሉ ስፍር ቁጥር በሌለው ጽሑፍ የሠለጠነ ሲሆን፣ ከተሰጠው ጽሑፍ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ መልስ ይሠራል። በቢሮ ሶፍትዌር ውስጥ ሲገባ ደግሞ የተከፈተውን ሰነድ፣ የኢሜይል ሣጥኑንና የድርጅቱን ፋይሎች እንዲያይ ይፈቀድለታል። ስለዚህ 20 ገጽ ሪፖርት በአንድ ገጽ አሳጥር ሲባል ያሳጥራል፤ ከሪፖርቱ ስላይድ አውጣ ሲባል ያወጣል።

በቁጥር ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የቋንቋ ሞዴል ድምርን እንደ ካልኩሌተር ሳይሆን እንደ ዓረፍተ ነገር ሊገምተው ይችላል። የእያንዳንዱ ቀበሌ የሰሊጥ ምርት በኩንታል በኤክሴል ከተመዘገበ፣ ጠቅላላውን እንዲናገር ረዳቱን ከመጠየቅ ይልቅ የመደመሪያውን ቀመር እንዲጽፍ ማዘዝ ይሻላል። ቀመሩ በሰንጠረዡ ላይ ይታያል፤ ማንም ሰው ሊፈትሸው ይችላል። በአካባቢው የሚነገሩ መለኪያዎችም ለረዳቱ መገለጽ አለባቸው። ሪፖርቱ ግማሹ በቃዳ፣ ግማሹ በሄክታር ከሆነ፣ አንድ ቃዳ በተለምዶ ሩብ ሄክታር ያህል መሆኑ ካልተነገረው ሁለቱን ደባልቆ ሊደምር ይችላል።

[ጥያቄ 2 — አማርኛ ያውቃል?]

ተራኪ፦ ያውቃል፤ እንደ እንግሊዝኛው ግን አይደለም። የማይክሮሶፍቱ ኮፓይለት ለቢሮ ሲቀርብ በይፋ የሚደግፋቸው ቋንቋዎች 8 ነበሩ፤ አማርኛ አልነበረበትም። አንዱ ምክንያት የጽሑፍ እጥረት ነው። ሞዴል የሚሠለጥነው በኢንተርኔት ላይ ባለው ጽሑፍ ሲሆን፣ በአማርኛ የሚገኘው ከተናጋሪው ብዛት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ጉግል ትርጉም እንኳን አማርኛን የጨመረው በየካቲት 2008 ዓ.ም. ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ቴክኒካዊ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ በ1 ባይት ሲቀመጥ፣ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል። ሞዴሉ ጽሑፍን ቆራርጦ ስለሚያነብም፣ አንድ የአማርኛ ቃል ብዙ ቦታ ላይ ይቆራረጥበታል። በዚህ የተነሣ ለረጅም እንግሊዝኛ ሰነድ የሚበቃው የማንበቢያ ቦታ በአማርኛ ቶሎ ይሞላል።

ከዚህም በላይ የፊደላት መመሳሰል አለ። «ሥራ» በአንዱ ሰነድ፣ «ስራ» በሌላው ይጻፋል፤ የአንድ ባለጉዳይ ስም በአንዱ መዝገብ በጸሎቱ «ጸ»፣ በሌላው በፀሐዩ «ፀ» ይገኛል። መዝገብ የሚፈልግ ረዳት አንዱን አግኝቶ ሌላውን ሊያልፈው ይችላል። ፍለጋው በሁሉም አጻጻፍ እንዲሆን ማዘዝ የጠያቂው ድርሻ ነው።

[ጥያቄ 3 — የቆዩ የቢሮ ፋይሎችን ለምን ማንበብ ያቅተዋል?]

[ምስል፦ በዎርድ የተከፈተ የአማርኛ ደብዳቤ፤ ጽሑፉ ወደ ኖትፓድ ሲገለበጥ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሲሆን]

ተራኪ፦ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ቢሮዎች እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች ሲጽፉ ኖረዋል። የቀደሙት ፎንቶች የሚሠሩት በብልሃት ነበር። በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ ይሥላሉ። ገጹን የሚያየው ሰው አማርኛ ያነባል፤ በፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ነው።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ቅርጹን አያይም፤ የሚያነበው በፋይሉ ውስጥ የተቀመጠውን ነው። ስለዚህ በድሮ ፎንት የተጻፈ የ10 ዓመት ቃለ ጉባኤ ሲሰጠው፣ አንድም «አልገባኝም» ይላል፣ አንድም ያልተጻፈ ነገር ፈጥሮ ያሳጥራል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው።

መለያው ቀላል ነው። ከሰነዱ አንድ መስመር ተገልብጦ ወደ ኖትፓድ ይለጠፋል። አማርኛ ሆኖ ከታየ ዩኒኮድ ነው፤ ረዳቱ ያነበዋል። ወደ ተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከተቀየረ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። ይህን ሥራ ቢሮዎች ለረዳቱ ሲሉ ብቻ የሚሠሩት አይደለም። ያ ፎንት የሌለው ኮምፒውተር ሰነዱን ማሳየት ስለማይችል፣ ያልተለወጠ ፋይል ለመጪው ትውልድ የሞተ መዝገብ ነው።

[ጥያቄ 4 — ቀንና ሰዓት ለምን ይሳሳታል?]

ተራኪ፦ ሞዴሉ የሠለጠነው በአብዛኛው በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር በተጻፈ ጽሑፍ ስለሆነ ነው። በአንድ የወረዳ ሪፖርት ርዕስ ላይ «የ2017 በጀት ዓመት የ1ኛ ሩብ ዓመት አፈጻጸም» የሚል ይኑር። በኢትዮጵያ አሠራር የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ስለዚህ ይህ ሩብ ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ መስከረም 30 ቀን 2017 ያለው ነው፤ በፈረንጆቹ ከጁላይ 8 እስከ ኦክቶበር 10 ቀን 2024 መሆኑ ነው። ሪፖርቱ ለአንድ ረጂ ድርጅት በእንግሊዝኛ ይተርጎም ሲባል ግን፣ ረዳቱ 2017ን እንዳለ ወስዶ ጊዜውን ከጃንዋሪ እስከ ማርች 2017 ሊያደርገው ይችላል። ዓመቱም ወሩም ይስታል፤ ጽሑፉ ግን ያማረ ስለሚሆን ስሕተቱ በቀላሉ አይታይም።

ሰዓቱም እንደዚያው ነው። «ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስብሰባ አለ» የሚለው በፈረንጆቹ 9 ሰዓት ነው። ረዳቱ የቀን መቁጠሪያ ላይ በፈረንጆቹ ለሌሊቱ 3 ሰዓት ቢይዘው፣ ጥሪው ለሁሉም ሰው በተሳሳተ ሰዓት ይደርሳል።

የስም አጠራርም እንዲሁ መታረም አለበት። የውጭው ልማድ ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ መጠሪያ ያደርጋል። የኢትዮጵያዊ ሁለተኛ ስም ግን የአባት ስም ነው። ረዳቱ ያረቀቀው የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የከበደን ልጅ «ሚስስ ከበደ» ብሎ ሊጠራ ይችላልና፣ ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት በራሷ ስም መተካት አለበት።

[ጥያቄ 5 — ያልነበረ ነገር ይፈጥራል?]

ተራኪ፦ ይፈጥራል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. አንድ የኒውዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ በዓለም ላይ የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ጠቅሰው አቤቱታ ያቀረቡ ጠበቆችን 5,000 ዶላር ቀጥቷል። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ዴሎይት የተባለው ግዙፍ አማካሪ ድርጅት፣ ለአውስትራሊያ መንግሥት ባቀረበው ሪፖርት ውስጥ የሌሉ ምንጮች ተጠቅሰው በመገኘታቸው ከክፍያው የተወሰነውን ለመመለስ ተስማምቷል።

በኢትዮጵያ ቢሮ ይህ ስሕተት ሊመጣ የሚችለው በአዋጅና በደንብ ቁጥር በኩል ነው። ረዳቱ ለአንድ ደብዳቤ የሕግ መሠረት ጥቀስ ሲባል፣ ቁጥሩም አንቀጹም እውነት የሚመስል አዋጅ ሊጽፍ ይችላል። ማረጋገጫው የፌዴራል ሕግ ከሆነ ነጋሪት ጋዜጣ፣ የአማራ ክልል ሕግ ከሆነ ዝክረ ሕግ ነው። በሁለቱ ውስጥ ተፈልጎ ያልተገኘ ቁጥር ከደብዳቤው መውጣት አለበት።

[ጥያቄ 6 — የተሰጠው መረጃ የት ይሄዳል?]

ተራኪ፦ ረዳቱ የሚያስበው በቢሮው ኮምፒውተር ውስጥ አይደለም። ጽሑፉ በኢንተርኔት ተጉዞ፣ በውጭ አገር ባለ የመረጃ ማዕከል ተሠርቶ ይመለሳል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት አገልግሎት መለየት ያስፈልጋል። ድርጅት በውል የሚገዛው ረዳት፣ ለምሳሌ የማይክሮሶፍቱ፣ የደንበኛውን ሰነድ ዋናውን ሞዴል ለማሠልጠን እንደማይጠቀምበት አምራቹ ይገልጻል። በነጻ የሚገኘው የግል አገልግሎት ግን እንደ ቅንብሩ ጽሑፉን ለሥልጠና ሊጠቀምበት ይችላል። ሳምሰንግ በ2015 ዓ.ም. ሠራተኞቹ ምሥጢራዊ የሶፍትዌር ኮድ ቻትጂፒቲ ላይ ማስገባታቸውን ሲደርስበት አገልግሎቱን በመሥሪያ ቤቱ ከልክሏል። የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤትም በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሠራተኞቹ ኮፓይለትን እንዳይጠቀሙ አግዶ ነበር።

ውል ያለው ረዳትም ቢሆን አንድ አደጋ አለው። ተጠቃሚው እንዲያይ የተፈቀደለትን ፋይል ሁሉ ያያል። የደመወዝ ዝርዝር ወይም የዲሲፕሊን ውሳኔ ለሁሉም ክፍት በሆነ ማህደር ውስጥ ተረስቶ ከተቀመጠ፣ ቀድሞ ማንም የማያገኘውን ረዳቱ በአንድ ጥያቄ ያወጣዋል። ረዳት ከማስገባት በፊት የማህደሮችን ፈቃድ ማጥራት የአይሲቲ ባለሙያው የመጀመሪያ ሥራ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ላይ ሕግ አላት፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። አፈጻጸሙን እንዲከታተል ሥልጣን የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የአርሶ አደሩ የመሬት ይዞታ፣ የታካሚው ምርመራ፣ የባለጉዳዩ የፋይዳ ቁጥር የግለሰቡ እንጂ የቢሮው ንብረት አይደለም። ሥራ ለማፍጠን ተብሎ በነጻ ረዳት ላይ የሚለጠፍበት ምክንያት የለም። ስምና ቁጥር ወጥቶ፣ ቅርጹ ብቻ ቀርቶ መጠየቅ ይቻላል።

[ጥያቄ 7 — ኔትወርክ ሲጠፋስ? ዋጋውስ?]

ተራኪ፦ ኔትወርክ ሲጠፋ ዎርድና ኤክሴል ይሠራሉ፤ ረዳቱ ግን ይቆማል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ሥራውን ሙሉ በሙሉ በረዳቱ ላይ የጣለ ቢሮ በዚያ ዓይነት ጊዜ ሥራውን ያቆማል።

የኮፓይለት የመነሻ ዋጋ ለአንድ ሠራተኛ በወር 30 ዶላር ነበር። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በነበረው የባንክ ምንዛሪ 1,700 ብር ገደማ ነበር፤ ዶላር 100 ብርን ሲያልፍ ከ3,000 ብር በላይ ሆነ። ለወረዳ በጀት ይህ ቀላል ወጪ አይደለም፤ ለሁሉም ሠራተኛ ሳይሆን በብዛት ለሚጽፈው ክፍል መግዛት ያዋጣል።

[ጥያቄ 8 — እንጀራ ይነጥቃል?]

[ምስል፦ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና]

ተራኪ፦ በኢትዮጵያ ቢሮ መሣሪያ ሲቀየር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ የግዕዝን ፊደል በጽሕፈት መኪና ላይ ለማስፈር ከደከሙ በኋላ፣ ታይፒስትነት ሙያ ሆነ። ኮምፒውተር ሲመጣ መኪናው ቀረ፤ መጻፍ ግን የሁሉም ሠራተኛ ሥራ ሆነ። አሁን የሚለወጠው ማርቀቅ ነው። ማረም፣ ማጣራት፣ ባለጉዳይን ማዳመጥና መወሰን በሰው እጅ ይቀራሉ። ለዚህ የሚያዘጋጅ ትምህርትም አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ውስጥ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርት በነጻ ይሰጣል።

[ጥያቄ 9 — እንዴት ቢጠየቅ ጥሩ ይመልሳል?]

ተራኪ፦ ትእዛዙ ሥራውን፣ ርዝመቱን፣ ምንጩንና ወሰኑን ሲነግረው። «ቃለ ጉባኤውን አሳጥር» ከማለት ይልቅ እንዲህ ማለት ይሻላል፦

[ድምፅ፤ በገጹ ላይ ይጻፋል]
«ይህን ቃለ ጉባኤ በአንድ ገጽ አሳጥር። ውሳኔዎቹን፣ ፈጻሚውን ክፍልና የጊዜ ገደቡን በሰንጠረዥ አስቀምጥ። ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ አትቀይራቸው። በሰነዱ ውስጥ የሌለ ነገር አትጨምር፤ ያልተገለጸ ካለ ‹አልተገለጸም› በል።»

ተራኪ፦ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ረዳቱ ክፍተቱን በግምት እንዳይሞላ ያግዛል። ከዚያ በኋላም ውጤቱ ከዋናው ሰነድ ጋር ጎን ለጎን መነበብ አለበት።

[የመዝጊያ ሙዚቃ ከሥር ይገባል]

ተራኪ፦ በኢትዮጵያ አሠራር አንድ ደብዳቤ ደብዳቤ የሚሆነው ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ሲያርፍበት ነው። በስሕተቱ የሚጠየቀውም የፈረመው ኃላፊ እንጂ ያረቀቀው ሶፍትዌር አይደለም። ስለዚህ ረዳቱን የሚጠቀም ማንኛውም ቢሮ፣ በሳንጃም ሆነ በአዲስ አበባ፣ ከፊርማ በፊት አራት ነገር ያረጋግጥ፦ ቀኑን፣ ስሙን፣ ቁጥሩንና የተጠቀሰውን ሕግ። እነዚህን ሰው አይቶ ያላረጋገጠው ረቂቅ ማኅተም ሊያርፍበት አይገባም።