የኮሶ ሻጯ ልጅ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት

በአገራችን ልማድ አንድ ሰው «ማን ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ስሙን ብቻ ተናግሮ አያበቃም። «የማን ልጅ?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይከተላል። ይህ ጥያቄ ለአንዳንዱ ክብር፣ ለአንዳንዱ ግን ቍስል ነው። ካሣ ኃይሉ የተባለው የቋራ ልጅ፣ ኋላም ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ንጉሠ ነገሥት፣ ይህን ጥያቄ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመልሱ ኖረዋል።

ሁላችንም ዐፄ ቴዎድሮስን በመቅደላው ፍጻሜያቸው እናውቃቸዋለን። የልጅነታቸው ታሪክ ግን እምብዛም አይተረክም፤ አገሩም ለእኛ ለባሕር ዳር ልጆች ጎረቤት ነው። ከጣና ዳር ቆመን ወደ ሰሜን ምዕራብ ብንመለከት፣ ከውሃው ማዶ ደንቢያና ጣቁሳ አሉ። እነርሱን አልፎ ወደ ሱዳን ወሰን የሚወርደው ቆላ ቋራ ነው።

ካሣ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ከቋራ ባላባት ወገን ነበሩ፤ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ይባላሉ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። ከ1761 እስከ 1847 ዓ.ም. በጎንደር የተቀመጡት ነገሥታት ስም እንጂ ሥልጣን አልነበራቸውም። መሳፍንቱ እርስ በርሳቸው ሲዋጉ፣ የድል አድራጊውንም የተሸናፊውንም ወታደር የሚቀልበው ገበሬው ነበር።

ወይዘሮ አትጠገብ ልጃቸውን ይዘው ብቻቸውን በቀሩ ጊዜ በጎንደር ኑሮ ከበዳቸው፤ ኮሶ እየሸጡም አሳደጉት ይባላል። ታሪክ ጸሐፊዎች «ይህ እውነት ነውን? ወይስ ጠላት የፈጠረው ስድብ ነው?» እያሉ ይከራከራሉ። እውነትም ይሁን ሐሰት፣ ስሙ በካሣ ላይ ተለጥፎ ቀረ።

ስለ ኮሶ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ኮሶ በደጋ የሚበቅል ዛፍ ነው። የሴቴው አበባ ደርቆ ይፈጫል፤ በውሃ ተበጥብጦም ይጠጣል፤ ከጥሬ ሥጋ የሚመጣውን ትል ከሆድ ያስወጣል። እንግዲህ በዚያ ዘመን ጥሬ ሥጋ ዘወትር የሚቈርጥ ማን ነበር? ድኻው ሥጋ የሚያገኘው ለዓመት በዓል ነው። ኮሶን አዘውትሮ የሚፈልግ ጌታው ነበር ማለት ነው። ጌታው መድኃኒቱን ይጠጣል፤ መድኃኒቱን የሸጠችለትን ሴት ግን ይንቃል። በካሣ ላይ የተወረወረው ስድብ ከዚህ ዓይነት ንቀት የወጣ ነው።

ካሣ ለትምህርት የተላከው ከጎንደር ወደ ጣና በሚወርደው አገር ወደሚገኘው ወደ ጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ነበር። በዚያም ሳለ፣ በጦርነት ድል የሆነ አንድ መስፍን ገዳሙን እንደ ወረረ ይተረካል። መስፍኑ በጦር ሜዳ ያልቻላቸውን ሰዎች በልጆቻቸው ሊበቀል ፈልጎ ተማሪዎቹን አስፈጀ፤ ካሣም በሌሊት አምልጦ ነፍሱን አዳነ። ልጁ የዘመነ መሳፍንትን ትርጕም የተማረው በዚያች ሌሊት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ወደ ዘመዱ ወደ ደጃዝማች ክንፉ ኃይሉ ሄደ። ክንፉን አንዳንዶች ወንድሙ፣ ሌሎች አጎቱ ይሏቸዋል። ደጃዝማች ክንፉ በ1829 ዓ.ም. ከሱዳን በኩል የመጣውን የግብፅ ጦር ድል ያደረጉ የጦር ሰው ነበሩ፤ ካሣም የጦርን ሥራ በእርሳቸው ቤት ተማረ። እርሳቸው ሲሞቱ ግን ግዛቱ በራስ ዓሊ እናት በእቴጌ መነን እጅ ገባ። ርስትም ሹመትም ያጣው ካሣ በቋራ በረሃ ሸፈተ።

የሽፍትነቱ ዘመን ከሌሎች ሽፍቶች ታሪክ የሚለይበት ነገር አለ። ዜና መዋዕሉን በአማርኛ የጻፉት አለቃ ዘነብ እንደሚተርኩት፣ ካሣ የማረከውን ገንዘብ ለአገሬው ገበሬ እያደለ የእርሻ ዕቃ እንዲገዛበት ያደርግ ነበር። እንግዲህ «የማን ልጅ ነህ?» ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልሱ ሥራው ሆነ።

እቴጌ መነን ሽፍታውን በጋብቻ ለማሰር ሲሉ የልጃቸውን የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። ተዋበችም ለባሏ ታማኝ ሆነች፤ በቤተ መንግሥቱ ግን ንቀቱ አልቀረም። ካሣ ዳግመኛ ሲሸፍት እቴጌይቱ ደጃዝማች ወንድይራድን ላኩበት። ወንድይራድ «የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ አመጣዋለሁ» ብሎ ፎከረ ይባላል። ካሣም ድል አድርጎ ማረከው፤ እናቱ ገበያ ወስደው ሳይሸጡት የቀረ ነው ብሎም ኮሶ አጠጣው። በ1839 ዓ.ም. ካሣ ጎንደርን ያዘ፤ በዚያው ዓመት ከጣና በስተ ሰሜን እቴጌ መነንን ራሳቸውን ማረከ።

በወንድይራድ ታሪክ ያልሳቀ ተማሪ የለም። የሚቀጥለው ታሪክ ግን አያስቅም። በኅዳር 1845 ዓ.ም. በደንቢያ ጉር አምባ ላይ የጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ከካሣ ጋር ተዋግተው ሞቱ። ከጦርነቱ በፊት ካሣን በግጥም የሰደበው አዝማሪ ተማርኮ በቀረበ ጊዜ ሞት ተፈረደበት። ጦር ያልያዘ ሰው ስለ ቃሉ ብቻ ተገደለ። የድሮው ቍስል እንዳልዳነ ከዚህ እንረዳለን።

በዚያው ዓመት ካሣ በጎርጎራ ብችኝና በአይሻል ድል አደረገ፤ ራስ ዓሊም ሥልጣናቸውን አጡ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. የሰሜኑን ገዥ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ካሸነፈ በኋላ፣ በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ነገሠ። ስሙንም ቴዎድሮስ አለ። በፍካሬ ኢየሱስ መጽሐፍ ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ስለ ተጻፈ፣ ሕዝቡ ይህን ስም ይጠብቀው ነበር። ሁለተኛው መልስ ይህ ነው፤ እናቱን እየጠቀሰ የሚሰድበውን ሁሉ ትንቢቱን በመጥቀስ መለሰለት።

ሦስተኛው መልስ የዘር ሐረግ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ኋላ የዳዊትና የሰሎሞን ልጅ ነኝ ይሉ ጀመር። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ በጻፉት ደብዳቤ ውስጥ ሁለቱም ነገር ይገኛል፤ የቀድሞ ነገሥታትን አባቶቼ ይላሉ፣ ደግሞም እግዚአብሔር ከትቢያ አነሣኝ ይላሉ። ከትቢያ የተነሣ ሰው የነገሥታት ልጅ መባልን ለምን ፈለገ? በክንዱ ያገኘውን ዙፋን የሚያጸናለት የአባት ስም ነው ብሎ ዘመኑ ስላስተማረው ይመስለናል። መሳፍንቱን ጥሎ የመሳፍንቱን ሚዛን ግን ይዞ ቀረ።

ፍጻሜው ያሳዝናል። ያ ሁሉ ተስፋ በቍጣ እየተበላ ሄደ። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ እናታቸው የኖሩባትን ጎንደርን ዘረፉ፣ አብያተ ክርስቲያናቷንም አቃጠሉ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ጦር እጅ ከመስጠት ሞትን መርጠው በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ።

እንግዲህ፣ ውድ ጓደኞቼ፣ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ምንድን ነው? ካሣ የእናቱን ኮሶ አላፈረበትም፤ ለጠላቱ አጠጥቶበታል። ሆኖም «አዎን፣ የእርሷ ልጅ ነኝ» ብሎ ማረፍን አልቻለም፤ ዘመኑም አልፈቀደለትም። እኛ ይህን ማለት የምንችልበት ዘመን ላይ ነን። ከመካከላችን እናቱ ገበያ ተቀምጣ ጌሾ፣ ቡና ወይም እንጀራ ሸጣ ደብተር የገዛችለት ጥቂት አይደለም። ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ወላጆች ይህን ያውቃሉ። «የማን ልጅ ነህ?» ስንባል የእናታችንን ስምና ሥራ ቀና ብለን እንናገር። ጓደኛችን ሲናገርም የሚስቅ ከመካከላችን አይገኝ፤ አንድ የፌዝ ቃል በአንድ ልጅ ልብ ውስጥ ስንት ዓመት እንደሚኖር የቋራው ካሣ አሳይቶናልና።