የይርጋለም አትክልት ቦታና የጳውሎስ ሱቃችን

በጳውሎስ ያለው ሱቃችን ከሸቀጣ ሸቀጡ ጋር አቮካዶ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ፣ በየሳምንቱ ሰኞ «የተበላሸ» በሚለው የመዝገብ ዓምድ ላይ የምጽፈው ቁጥር በጸሐፊነቴ ሳይቀር ያሳፍረኝ ነበር። አንዳንዱን ሳምንት ከትርፉ ይልቅ የሚጣለው ይበልጥ ነበርና። ለነገሩ አንዱ ምክንያት የቦታ መራቅ ነው። እንደሚታወቀው በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። ለእኛ ለሰሜን በኩል ነጋዴዎች ቀድሞ በቅርብ ይገኝ የነበረው ዕቃ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ የሚመጣ ሆነ። ይሁን እንጂ ጥፋቱ ሁሉ የመንገዱ አለመሆኑን የተረዳሁት በመዝገብ ቤት ሳይሆን በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ጓሮ ነው።

አሠሪዬ ስለ ቡና ጉዳይ ወደ ይርጋለም ሲሄዱ ሒሳብ እንድይዝላቸው አስከተሉኝ። ይርጋለም ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ከሐዋሳ በፊት የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት። ያደርነው በአረጋሽ ሎጅ ነው። ጎጆዎቹ በሲዳማ ባህል በቀርከሃ የተሠሩ ናቸው፤ ማታ ደግሞ ጅቦች ወደ ግቢው ጥግ ብቅ ይላሉ። እኔ በበኩሌ ጅቡን ከሩቅ ማየቱ በቂዬ ነበር።

በማግስቱ ለቁርስ የቀረበልን አቮካዶ ቢላዋ እንደ ቅቤ የሚገባበት፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ እንኳ የሌለበት ነበር። አሠሪዬ ከየትኛው ነጋዴ እንደሚገዙት ቢጠይቁ፣ አስተናጋጁ ፈገግ ብሎ ወደ አትክልቱ ቦታ መራን። ከቡናውና ከእንሰቱ መካከል ሙዝና አቮካዶ ቆሟል፤ ዝቅ ብሎ የሰላጣና የካሮት መደብ ይታያል። አንድ አዛውንት አትክልተኛ ለወጥ ቤቱ የሚበቃውን ብቻ ይለቅሙ ነበር።

«አባባ፣ ይህን ሁሉ ፍሬ ዛፍ ላይ ስትተዉት አይበሰብስም?» አሉ አሠሪዬ።

«ጌታዬ፣ ዛፉ እኮ ጎተራችን ነው» ሲሉ መለሱላቸው።

አነጋገራቸው እውነት ነው። አቮካዶ እንደ ኮክ ዛፍ ላይ እያለ አይለሰልስም፤ ካደገ በኋላ ሳምንታት ተንጠልጥሎ ሊቆይ ይችላል፤ መብሰል የሚጀምረው ከተቆረጠ በኋላ ነው። እኛ ግን ደንበኛ ዕለቱን ይበላዋል ብለን የለሰለሰውን እየመረጥን፣ ያውም በማዳበሪያ ጆንያ አጭቀን እናስጭን ነበር። ፍሬው ሱቃችን ሳይደርስ ዕድሜው አልቋል፤ የጆንያው ታችኛው ክፍል ደግሞ በላዩ ክብደት ተጨፍልቋል። መጣያውን በገንዘባችን ገዝተን ኖሯል!

ላኪዎች ይህን ቀድመው ያውቁታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 ሩዶልፍ ሃስ የተባለ ካሊፎርኒያዊ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ሃስ የተባለው ዝርያ በዓለም ገበያ የበላይነት ያገኘው ቆዳው ወፍራም ሆኖ ጉዞ ስለሚችል ጭምር ነው። የሚጫነውም ጠንካራ ሳለ፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። መልኩ ለገበታ ያልሆነውም ፍሬ ቢሆን ዋጋ አያጣም፤ በ2013 ዓ.ም. በተመረቀው በይርጋለም የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አቮካዶ ተጨምቆ ዘይቱ ወደ ውጭ አገር ይላካል።

ባለሱቆች ሁሉ መቼም ማቀዝቀዣ ክፍል ሊኖራቸው አይችልም፤ ግን ሣጥን ይኖራቸዋል። ከተመለስን በኋላ አሠሪዬ ያዘዙት እንዲህ ነው፦ ፍሬው ጠንካራ ሆኖ፣ እንጥሉ ሳይነቀል፣ በሣጥን እንዲጫን፤ በሣጥኑም ላይ የተቆረጠበት ቀን እንዲጻፍ። ሱቅ ሲደርስ ጥቂቱን ብቻ ከበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ጠቅልለን እናበስላለን፤ የቀረው ነፋሻ በሆነ ቀዝቃዛ ቦታ ተራውን ይጠብቃል። ጭነት አቅራቢያችን በሣጥን ብዛት የመኪናው ቦታ ይባክናል ሲል ተከራክሮ የማጓጓዣ ዋጋ ጨምሮብናል፤ ክርክሩም ገና አላለቀም። «የተበላሸ» የሚለው ዓምድ ግን ባለፈው ሰኞ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ መስመር ተጽፎ አለቀ።