ፓውል ክሌ፦ ከሕፃን መሰሉ መስመር በስተጀርባ
ከዘመናዊው የአውሮፓ ሥዕል መሪዎች አንዱ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1879 በስዊዘርላንድ ከተማ በርን አቅራቢያ የተወለደው ፓውል ክሌ፣ ብዙ ጊዜ የሚነሣው እንደ ሕፃን የሚሥል ሕልመኛ ተደርጎ ነው። ሥራዎቹ የሚመሰክሩት ግን ስለ ሥርዓት አጥባቂ ባለሙያ ነው። የሙዚቀኞች ልጅና ራሱም ጥሩ ቫዮሊን ተጫዋች የነበረው ክሌ ከ1911 ጀምሮ ሥራዎቹን እየቆጠረ በመዝገብ ያሰፍር ነበር፤ በዕድሜው የሠራቸው ከ9,000 ይበልጣሉ። አሠራሩንም ቀረብ ብሎ ማየት ይበጃል። አንድ ወረቀት ጥቁር የዘይት ቀለም ይቀባና ገልብጦ በንጹሕ ወረቀት ላይ ያነጥፈዋል፤ ከላይ አስቀድሞ የነደፈውን ሥዕል አድርጎ መስመሩን በሹል ነገር ይከተላል። ከሥር የሚወጣው መስመር ጠርዙ የፈዘዘ፣ እጁ የተጫነበትም ቦታ ጥቁር እድፍ ያለበት ይሆናል፤ ከዚያ በውኃ ቀለም ይቀባዋል። ዛሬ ኢየሩሳሌም በእስራኤል ሙዚየም የሚገኘው የ1920ው “አንጌሉስ ኖቩስ” የተሠራው በዚህ ዘዴ ነው። የልጅ ጭረት የሚመስለው መስመር በሦስት ወረቀት ያለፈ፣ ብዙ የታሰበበት ነው።

እርግጥ፣ ክሌ የልጅነት ሥዕሎቹንም በመዝገቡ አስገብቷል፤ በ1914 ቱኒዚያ ሲሄድም ቀለም እንደማረከው በማስታወሻው ጽፏል። ሥራውን የድንገተኛ ስሜት ውጤት የሚያደርጉ ሰዎች ይህን ይጠቅሳሉ። ነገር ግን የቱኒዚያ ቆይታው ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም፤ ከዚያ በፊት ለዓመታት በመስመርና በጥቁርና ነጭ ሲሠራ ኖሯል። ቀለም የደረሰው ለተሰናዳ እጅ ነው። ከ1921 እስከ 1931 ባውሃውስ በተባለው የጀርመን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያስተምርም ስለ መስመር፣ ስለ ሚዛንና ስለ ቀለም በሺዎች የሚቆጠሩ ገጾች ማስታወሻ ጽፏል። ናዚዎች በ1933 ከዚያ በኋላ ያስተምርበት ከነበረው የዱሰልዶርፍ አካዳሚ አባረሩት፤ በ1937ም ሥራዎቹን ሙኒክ ላይ “የዘቀጠ ጥበብ” ብለው ለመሳለቂያ አቀረቧቸው። በ1935 የጀመረው፣ ቆዳን የሚያደድር ሕመም ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሥራዎች ወፍራም መስመር አስከተለ ይባላል። በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም በ1940 ከመሞቱ በፊት በነበረው አንድ ዓመት ብቻ ከ1,200 በላይ ሥራዎች መዝግቧል። ይህን ያህል ምርት በሕመም ብቻ ሊብራራ አይችልም።

ውርሱም ከአውሮፓ አልፏል፤ በፓሪስ ዓመታቱ የክሌን ሥራ በጥልቀት ያጠናው ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን አንዱ ወራሽ ነው። በርን ላይ በ2005 የተከፈተው የፓውል ክሌ ማዕከል 4,000 ያህል ሥራዎቹን ይዟል፤ ክሌን ማወቅ የሚሻ ሥዕሎቹን ከማስተማሪያ ማስታወሻዎቹ ጋር አጣምሮ ይመልከት።