የመስኮት ብርሃንና የሕፃናት ፊት

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ባልደረባችን ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሳች። እኛም የፊዚክስ መምህራን እንደመሆናችን የብርሃንን ጠባይ እናውቃለን ብለን ፎቶግራፍ የማንሳቱን ኃላፊነት ተቀበልን። በካሜራችን ውስጥ የነበረው ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ሕፃኗ ነጭ ለብሳ፣ ነጠላ የተከናነቡት አያቷ አቅፈዋት ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። ፍላሽ እንዳያስደነግጣት ስለሰጋን በመስኮቱ ብርሃን ብቻ አሥራ ሁለት ጊዜ አነሳን። ፊልሙ ታጥቦ ሲታተም የነጠላው ጥለት ክር በክር ይታያል፤ ፊቶቹ ግን ጠቁረው መልካቸው አይለይም። አያቷ ፎቶግራፉን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና፣ «ልጆቼ፣ ልብሱንስ አነሳችሁት፤ ልጅቷስ የት አለች?» አሉን።

ያ ዕለት አይደገምም። ስህተታችን ከየት መጣ? ይህን ለመመለስ በመጀመሪያ ፊልም ብርሃንን እንዴት እንደሚይዝ መመልከት ይኖርብናል።

ስውሩ ምስል

የጥቁርና ነጭ ፊልም ገጽ በጄላቲን ውስጥ በተበተኑ፣ በዓይን በማይታዩ ደቃቅ ክሪስታሎች የተሸፈነ ነው። ክሪስታሎቹ በአመዛኙ የብር ብሮማይድ ናቸው። አንድ ፎቶን ክሪስታሉን ሲመታ አንድ ኤሌክትሮን ነጻ ይወጣል፤ ይህ ኤሌክትሮን ከብር አዮን ጋር ሲገናኝ አንድ የብር አቶም ይፈጠራል። ብቻውን የቆመ አቶም ግን አይጸናም፤ ወዲያው ተመልሶ ሊበተን ይችላል። አራት ያህል አቶሞች በአንድ ስፍራ ሲሰባሰቡ ነው ማጠቢያው ኬሚካል ክሪስታሉን በሙሉ ወደ ጥቁር ብርነት ሊለውጠው የሚችለው። ከመታጠቡ በፊት በፊልሙ ላይ ያለው ይህ አሻራ ስውር ምስል ይባላል።

ከዚህ አንድ ከባድ መደምደሚያ ይከተላል። በቂ ብርሃን ያልደረሰው የፊልም ክፍል አሻራ የለውም፤ አሻራ የሌለውን ደግሞ የትኛውም ኬሚካል፣ የትኛውም የባለሙያ ጥበብ ሊያወጣው አይችልም።

እስከ ዛሬ ተጠብቆ የቆየው የመጀመሪያው የፎቶግራፍ ኔጋቲቭ የመስኮት ምስል መሆኑን እዚህ ላይ ማንሳት ተገቢ ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1835 በሌኮክ አቢ የሚገኘውን የመኖሪያ ቤቱን መስኮት ያነሳበት ነው። በዚያን ጊዜ ምስሉ ካሜራው ውስጥ እንዳለ በብርሃኑ ኃይል ብቻ እስኪጠቁር መጠበቅ ግድ ስለነበር መስኮት እንጂ ሕፃን ማንሳት የሚታሰብ አልነበረም። ታልቦት እ.ኤ.አ. በ1840 ስውሩን ምስል በኬሚካል የማውጣት ዘዴ ሲያገኝ የሚያስፈልገው ጊዜ እጅግ አጠረ።

መለኪያው የገመተው

የእኛ ስህተት በብርሃን መለኪያው ላይ ያለ ጥያቄ መተማመናችን ነበር። መለኪያው ከፊቱ ያለው ነገር ፊት ይሁን ጨርቅ አያውቅም። የሚያየው ሁሉ የሚያርፍበትን ብርሃን 18 በመቶ ያህል የሚያንጸባርቅ ግራጫ ነገር እንደሆነ ገምቶ ይሠራል። ነጭ ልብስ ግን 80 በመቶና ከዚያም በላይ ሊያንጸባርቅ ይችላል። ስለዚህ መለኪያው ፊት ለፊቱ ነጠላና የክርስትና ልብስ ሲሞላበት «ብርሃኑ በዝቷል» ብሎ ከአራት እጥፍ በላይ እንድንቀንስ አዘዘን። ልብሱ ግራጫ ሆኖ በሚገባ ተያዘ፤ ጠይሞቹ ፊቶች ግን ከሚያስፈልጋቸው ብርሃን ሩቡን እንኳ አላገኙም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ወደ ሕፃኑ ቀርቦ ፊቱን ብቻ መለካት፣ ያንን ቁጥር ይዞ ወደ ኋላ መመለስና ልብሱን መርሳት። ኔጋቲቭ ፊልም ትንሽ ትርፍ ብርሃንን ይታገሣል፤ ጉድለትን ግን አይታገሥም።

ርቀትና ፍጥነት

የመስኮት ብርሃን ለሕፃናት ፊት የሚስማማው ምንጩ ሰፊ በመሆኑ ነው። ፀሐይ ከምድር ስትታይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ ስፋት ስላላት ጥላዋ ስለታም ነው። አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስኮት ግን አንድ ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሕፃን 53 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ ጥላውም ቀስ በቀስ የሚደበዝዝ ይሆናል። ይሁን እንጂ ብርሃኑ በርቀት በፍጥነት ይቀንሳል። ከዚሁ መስኮት ፊት ለፊት ከአንድ ሜትር ወደ ሁለት ሜትር ብንርቅ የሚደርሰን ብርሃን ከሦስት እጥፍ በላይ ያንሳል።

ይህ ልዩነት ለምን ያስጨንቀናል? ሕፃን ስለማይጠብቅ ነው። ራሱን በሴኮንድ 30 ሳንቲ ሜትር ፍጥነት የሚያዞር ሕፃን በ1/60 ሴኮንድ ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳል፤ ዓይኑም ይደበዝዛል። በ1/250 ሴኮንድ ግን እንቅስቃሴው 1.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ይህን ፍጥነት ለመጠቀም አራት እጥፍ ብርሃን ያስፈልጋል፤ ሕፃኑን ከሁለት ሜትር ወደ አንድ ሜትር ማቅረብ አብዛኛውን ይሞላልናል።

ከመስኮቱ ተቃራኒ በኩል ያለው ጉንጭ እንዳይጨልም በዚያ ወገን ነጭ ጨርቅ መዘርጋት ይጠቅማል። መለኪያችንን ያሳሳተው ነጠላ እዚህ ላይ ብርሃንን ወደ ጥላው የሚመልስ ረዳት ይሆናል።

የትኛው መስኮት?

በአውሮፓ የተጻፉ የፎቶግራፍ መጻሕፍት ቀጥተኛ ፀሐይ የማይገባበትን የሰሜን መስኮት ይመክራሉ። ምክሩ ለእነርሱ ልክ ነው፤ ለእኛ ግን ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ የምትውለው ከአናታችን በስተሰሜን ነው። ስለዚህ በእነዚህ ወራት የደቡብ መስኮት፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ደግሞ የሰሜን መስኮት ይመረጣል።

ሕፃኗ ሦስት ዓመት ሲሞላት እንደገና ተጋበዝን። በዚህ ጊዜ ፊቷን ለካን፤ ከመስኮቱ አንድ ሜትር ርቀት ላይ አስቀመጥናት፤ የአያቷን ነጠላ በጥላው በኩል ዘረጋን። ፎቶግራፉን ስንሰጣቸው አያቷ «እሷው ናት» ብለው ከግድግዳው ላይ ሰቀሉት። የክርስትናው ዕለት ኔጋቲቭም እስካሁን ከእኛ ጋር አለ። ወደ ብርሃን ስናነሳው ፊቷ በነበረበት ስፍራ ባዶ ፊልም ብቻ ይታያል።

ውድ አንባቢያን፣ እናንተም ከመስኮት አጠገብ ካሜራ ስታነሱ ከሁሉ አስቀድማችሁ ፊቱን ለኩ።