ቤት ስንውል የማዕዳችን ነገር

ውድ ባለትዳሮች፣ መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የቤታችሁ ማዕድ እንዴት እንደነበር ታስታውሳላችሁ? ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ልጆች ቤት ስለዋሉ ምሳ፣ መክሰስ፣ እንደገና መክሰስ ሆነ፤ እንጀራው ከወትሮው ቀድሞ አለቀ። ከሥራ የቀሩ አባቶችም ምሳ ቤት ጠበቁ። ቡናውማ ተደጋገመ (እኛም ቤት ያው ነበር)። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋም ይኸው ይደገማል።

ታዲያ ሁሉን አብልታ በመጨረሻ የምትቀርበው እናት ናት። ነፍሰ ጡር ከሆነች በቀን አንድ፣ የምታጠባ ከሆነች ሁለት ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል። ከትሪው የተረፈው ይህን አይሞላም። ስለዚህ ባሎች፣ እሷ ሳትቀመጥ አትጀምሩ፤ መክሰሷም ቀድሞ ይነሣላት።

ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም እንደተበላ ወዲያው ሲጠጡ፣ በምስሩ፣ በሽሮውና በጎመኑ ያለውን የብረት ንጥረ ነገር ሰውነት በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋሉ። በጾም ሥጋ ስለማይበላ ጉዳቱ ይብሳል፤ በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ደም ማነስ ለእናትም ለጽንስም አደገኛ ነው። ቡናውን ተዉት አላልኩም፤ ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ሎሚ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ግን ብረቱ እንዲወሰድ ያግዛሉ። ከጤና ጣቢያ የተሰጣችሁን የብረት እንክብልም በውኃ እንጂ በሻይ አትዋጡት።