የሶፍትዌር ምህንድስና መግቢያ ኮርስ፦ አመጣጡና አሰጣጡ

የሶፍትዌር ምህንድስና የሚለው ስያሜ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1968 የኔቶ የሳይንስ ኮሚቴ በጀርመኗ ጋርሚሽ ከተማ ከጠራው ጉባኤ ወዲህ ነው። በዚያን ዘመን ትልልቅ ፕሮግራሞች ከተያዘላቸው ጊዜና በጀት ያልፉ፣ ተሠርተው ሲያልቁም በስህተት የተሞሉ ሆነው ይገኙ ስለነበር፣ ጉባኤው ስለ «ሶፍትዌር ቀውስ» ተወያይቶ ሶፍትዌርም እንደሌሎቹ የምህንድስና ሥራዎች በዕቅድ፣ በልኬትና በሥርዓት ሊሠራ እንደሚገባው መከረ። ለጀማሪ ተማሪዎች የሚሰጠው ኮርስ መነሻው ይኸው ቀውስ ሲሆን፣ የአሰጣጡ ዋነኛ ፈተናም ተማሪው ቀውሱን በራሱ ሥራ ላይ ገና አለማየቱ ነው።

የኮርሱን ቅርጽ ለረጅም ጊዜ የወሰኑት እ.ኤ.አ. በ1982 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተሙትና ከዚያም ደጋግመው የተሻሻሉት የሮጀር ፕሬስማንና የኢያን ሶመርቪል መማሪያ መጻሕፍት ናቸው። በጥቅሉ ሲታይ ትምህርቱ ተጠቃሚው የሚፈልገውን አጣርቶ በጽሑፍ ከማስፈር ይነሣና፣ በንድፍ፣ በኮድ አጻጻፍና በፍተሻ በኩል አልፎ፣ ሥራ ላይ የዋለውን ሶፍትዌር እስከ መጠገን ይዘልቃል። ይህ ቅደም ተከተል የፏፏቴ ሞዴል ከሚባለው፣ ማለትም አንዱ ደረጃ ሳያልቅ ወደሚቀጥለው ከማይታለፍበት አሠራር ጋር ይመሳሰላል፤ ደረጃዎቹን በ1970 በሥዕል ያሳየው ዊንስተን ሮይስ ግን በዚያው ጽሑፉ በእነርሱ አንድ ጊዜ ብቻ አልፎ መጨረስ ለውድቀት እንደሚዳርግ አስጠንቅቆ ነበር። 17 ባለሙያዎች በ2001 በአሜሪካ ዩታ ያወጡት የአጃይል መግለጫ፣ የሚሠራ ሶፍትዌርን በአጫጭር ጊዜ ውስጥ ለተጠቃሚው እያሳዩ መሄድን ሲያስፋፋ፣ ኮርሶቹም ይህን እንደ አንድ ምዕራፍ ጨመሩት። ይሁን እንጂ አጃይል በገለጻ ብቻ እየተነገረ የተማሪው ሥራ በሴሚስተሩ መጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ የሚታረም ከሆነ፣ ትምህርቱ ራሱን ያፈርሳል።

ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ተማሪ አጭር ኮድ ብቻውን ይጽፋል፣ ውጤት ከተሰጠው በኋላም ተመልሶ አያየውም። ዴቪድ ፓርናስ በ1972 ያቀረበው ሐሳብ፣ ይኸውም ፕሮግራም ወደ ሞጁሎች ሲከፋፈል ወደፊት ሊለወጥ የሚችል ውሳኔ ሁሉ በአንድ ሞጁል ውስጥ ተሸሽጎ ይቀመጥ የሚለው፣ እንዲህ ላለ ተማሪ በቃል ከሚያዝ ነገር አያልፍም። ይህን በሚገባ የተረዱት በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጄምስ ሆርኒንግና ዴቪድ ዎርትማን በ1977 ባሳተሙት ጽሑፍ የገለጹት ኮርስ በጨዋታ መልክ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ቡድኖቹ የሠሯቸውን ሞጁሎች እርስ በርስ ይሻሻጡና የሌላ ቡድን ኮድ እንዲያሻሽሉ ይደረግ ነበር። ማብራሪያው የተጓደለ፣ ስያሜው ግራ የሚያጋባ ኮድ እጁ የገባ ቡድን ስለ ንድፍ ጥራት የሚማረውን ያህል ከየትኛውም ገለጻ አያገኝም፤ ዘዴው የሚገባውን ያህል አለመስፋፋቱም ያስቆጫል።

የተጠቃሚን ፍላጎት ማጣራትም እንዲሁ በተግባር ካልሆነ አይያዝም። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ቡድን ለጤና ጣቢያ የቀጠሮ መመዝገቢያ ሲሠራ ከውጭ የተዘጋጀ የቀን መምረጫ ቢጠቀም፣ 5 ወይም 6 ቀን ያላት ጳጉሜን ከመዝገቡ ትጠፋለች፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተባለው ቀጠሮ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኖ ይመዘገባል፤ የቤተሰብ ስም የሚለው ቦታም አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም እንዲሞላበት ያደርጋል። ተማሪዎቹ ይህን የሚደርሱበት ከካርድ ክፍል ሠራተኛ ጎን ተቀምጠው ሥራውን ሲመለከቱ ነው።

ከሁሉም አስቸጋሪው የቡድን ሥራን ማረም ሲሆን፣ አንዱ ኮዱን ሁሉ ጽፎ ሌሎቹ ስማቸውን ብቻ የሚያስገቡበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 የሠራው ጊት፣ የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚመዘግበው ሶፍትዌር፣ ለውጡን ማን መቼ እንዳስገባ ያሳያል። ነገር ግን ፍተሻ ያዘጋጀ ወይም ተጠቃሚዎችን ያነጋገረ ተማሪ የመስመሩ ብዛት ሊያንስ ስለሚችል፣ መስመር ቆጥሮ ውጤት መስጠት ፍትሐዊ አይሆንም፤ ይልቁንም እያንዳንዱ አባል የቡድን ጓደኛው የጻፈውን ክፍል በቃል እንዲያስረዳና በመምህሩ ፊት አነስተኛ ለውጥ እንዲያደርግበት መጠየቅ የተሻለ ሚዛን ነው።